አባትየው ያጠበቃት ብሎን

«እጅሽን አንሺ!»

ዳኛው የልጅቷን እጅ ቸብ አድርጎ ገፈተራት... ተንገዳግዳ በጀርባዋ ወደቀች።

የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ላይ ነን። ግጥሚያ ከተጀመረ ዳኛው ሳይፈቅድ ሮቦት መንካት ክልክል ነው።

እሷ ግን ሮቦቷ መሀል ሜዳ ላይ ቀጥ ሲልባት አላስቻላትም... ልታነሳው ዘው ብላ ገባች።

«ልጄን?! ልጄን ነው የመታኸው?!»

አባቷ ነው። መካኒክ ነው፤ ክንዱ የሰው ጭን ያክላል። ወንበር እየዘለለ ወረደና ዳኛውን ከነፊሽካው አጋደመው።

አንድ ቡጢ... ሌላ ቡጢ... አፍንጫው ሲሰበር ፊት የተቀመጥነው ሁሉ ሰማን።

«አባዬ ተው! በፈጠረህ ተው!»

ማን ይሰማታል? ሰውዬው ደሙ ፈልቷል!

የሚገርመው ዳኛው መልሶ አልመታውም። ፊቱን በአንድ እጁ ከልሎ፣ በሌላው ወደ ሮቦቱ እየጠቆመ «ልጆቹን አርቁ! ልጆቹን!» እያለ ይጮሃል።

ጥበቃዎች ተረባርበው አባትየውን ሲጎትቱት ዳኛው ደሙን እያዘራ ተነሳ። ሮቦቱን ታቅፎ ጥግ ላይ ወዳለው የእሳት ማጥፊያ አሸዋ ሳጥን ሮጠ...

ዷ!!!

ባትሪው እጁ ላይ ፈነዳ። እሳቱ እጅጌውን በላው። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለካ ባትሪው አብጦ ሲጨስ ያየው እሱ ብቻ ነበር... ያ እሳት የልጅቷ ፊት ላይ ሊሆን ነበር!

ዋናው ጉድ ግን ገና ነው።

ሮቦቱ ሲፈተሽ ባትሪውን የበሳ ረጅም ብሎን ተገኘ።

በውድድሩ ሕግ ሮቦት የሚጠግኑት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። የወላጅ እጅ ከገባበት ቡድኑ ይባረራል።

«ይሄን ማነው ያሰረው?» አለ ዳኛው፣ የተቃጠለ እጁ በፋሻ እየተጠቀለለ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ።

ዋሸች።

ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ባትሪው ይነቃነቅባት ነበር። አጭሩን ብሎን ስትፈልግ አባቷ በሜዳው አጥር ላይ አጎንብሶ «አምጪው ባክሽ፣ ጊዜ አለቀ!» አላትና ከኪሱ ባወጣው ብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረላት። ለእሱ ብሎን እጅ ካላሳመመ አልታሰረም!

ዳኛው ብሎኑን አየ... የልጅቷን ቀጫጭን ጣቶች አየ... ከዚያ አባትየውን አየ።

አባትየው ወደ ዳኛው ተጠጋ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ... ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷን ይተዉአት።»

ቡድኑ እዚያው ተሰረዘ። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ሁሉ ገደል ገባ።

ልጅቷ ዕንባዋን ጠረገች። የዳኛው ደም የደረቀበትን የአባቷን እጅ ያዘችና...

«አባዬ፣ አሁን ገና ረዳኸኝ» አለችው።

ወላጆች፣ ልጆቻችን ራሳቸው ማሰር ያለባቸውን ብሎን እኛ አንሰርላቸው። ቡጢ ከመሰንዘራችን በፊትም «ምን ሆነ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ አፍንጫ አይሰብርም!

እናንተ በዳኛው ቦታ ብትሆኑ ይህን አባት ትከሱታላችሁ ወይስ ይቅር ትሉታላችሁ? ኮሜንት ላይ እንነጋገር... ስድብ ግን የለም፣ ለዛሬ ያየነው ደም ይበቃናል።