ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ

አሰላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነው ዘሪሁን፣ በደንበኛው በኦብሴ ኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ሌላ ሊኑክስ የተባለው ሲስተምም እንዲሠራላት አዲስ ሃርድ ዲስክ ጨመረበት። በሳምንቱ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ይዛው ተመለሰች።

«ከጨመርክበት ጀምሮ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል። ልጆቼ እህል አልበላ አሉኝ» አለችው።

«አይጥ ገብታ ሞታበት ይሆናል» ብሎ ከፈተው። አይጥ የለም። አዲሱ ሃርድ ዲስክ ግን ኮምፒውተሩ ሳይበራ ለብ ብሎ፣ በሚዝለገለግ ነገር ተለውሷል። ዘሪሁን ሊፈታው ሲሞክር፣ መፍቻው ብሎኑን አልይዝ ብሎ ተንሸራተተበት።

«እስቲ አብሪልኝ» አላት።

ኦብሴ በስልኳ አበራችለት። እሱ ራሱ ባሰራቸው ብሎኖች ቦታ ጥርሶች በቅለዋል። መፍቻው የጫረው ድድ ይደማል።