ዝሆን የሚመስለው ቤት

አርክቴክቷ የዶርዜን የቀርከሃ ቤት ካየች ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን ትስቃለች። ቤቱ የለየለት ዝሆን ነው፤ በሩ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ከበሩ በላይ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች ዓይን ሆነው ያዩዋታል። እሷም ዝሆን የሚመስል ሆቴል ነድፋ ጨርሳለች። ንድፉን የምታስገባበት የሆቴል ንድፍ ውድድር ዛሬ ይዘጋል፤ ቅጹ ላይ የቀራት አንድ ክፍት ቦታ ነው።

"አባባ፣ የቤቱ መሠረት ምን ያህል ይጠልቃል?" ብላ ባለቤቱን አቶ አንጁሎን ትናንት ጠይቃቸው ነበር።

"ነገ ጠዋት ታይዋለሽ" አሏት እየሳቁ።

ጠዋት ስትመጣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወጥቷል። ለእሷ ሥራ እንዲመች ብለው ያወጡት መስሏት ደስ አላት። ተንበርክካ የግድግዳውን ሥር ስትለካ ከውጭ የወንዶች ዘፈን ተሰማ። ወዲያው በግድግዳው ሥር ብርሃን ገባ። ቤቱ ከመሬት ተነሣ፤ ዙሪያዋን የሰው እግር ብቻ ሆነ።

አቶ አንጁሎ ጎንበስ ብለው አዩዋት። "ሥሩን ምስጥ በላው፤ የተበላውን ቆርጠን ከጎረቤቶቼ ጋር ወደ ላይኛው ግቢ ልንወስደው ነው። አብረሽ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?"

በሳቅ እየፈረሰች ቤቱ መሐል ሆና አብራ መራመድ ጀመረች። እንደምንም ቅጹን አወጣችና ክፍቱን ቦታ ሞላችው፦

"መሠረት፦ ሠላሳ ጎረቤት።"