ሰው የማይበዛበት ተራራ

«እዚህኛውም ላይ ሰው የለም» አሉ እትዬ ማዘንጊያ፣ ጣታቸውን ላፕቶፑ ላይ ተክለው።

ፎቶው ላይ ጥድ አለ፣ በረዶ አለ፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ባዶ ወንበሮች አሉ። ሌላ ምንም የለም።

«ኤግዛክትሊ፣ እማማ» አለች የልጅ ልጃቸው ቢታንያ እየሳቀች። «ሰው እንዳይበዛ ብለን እኮ ነው የመረጥናቸው።»

ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ኒው ሜክሲኮ ልትሄድ ነው፣ ስኪ ልትማር። ከኦሃዮ ተነስቶ እስከዚያ ድረስ፣ ለመንሸራተት። እትዬ ማዘንጊያ ልጅ መንገድ በወጣ ቁጥር «ከሚያዳልጥ ይሰውርህ» እያሉ ሲመርቁ ኖረው፣ ይቺ ደግሞ የሚያዳልጠውን ፍለጋ አውሮፕላን ልትሳፈር። እናቷ ሂሩት ጠዋት ወደ መጋዘን ሥራዋ ስትወጣ፣ «እማማን ጠይቂ፤ እሷ ከመረቀችሽ እኔ ምን አገባኝ» ብላ ነገሩን እሳቸው ላይ ጥላው ሄዳለች። ጓደኞቿ ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋሉ። ልጅቷ ደግሞ ሳትመረቅ መንገድ ወጥታ አታውቅም። «አይሆንም» ካሉ እንደምትቀር እትዬ ማዘንጊያ ያውቃሉ። ቃሉ ከማለዳ ጀምሮ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

በቴሌቪዥን የሚታየው ትልቁ ተራራ ምን ሆነና? እዚያ ሆቴል አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሰዉ እንደ ጥምቀት ይግተለተላል። ሰው ባለበት የወደቀ ይነሳል።

«ስሙን ማንም ያልሰማው ተራራ ላይ ብትወድቂ» አሉ፣ «ማን ‹እኔን ይድፋኝ› ይልሻል?»

ቢታንያ ወደሚቀጥለው ፎቶ ልታልፍ ስትል አስቆሟት።

«ቆይ፣ ሀበሻ አለ እዚያ?»

ድረ ገጹ ይህን አይናገርም። እትዬ ማዘንጊያ ግን የሚናገር ሰው ያውቃሉ። የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ልጅ አንድርያስ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ያላቋረጠው ስቴት የለም። ደወሉለት። ኢንዲያና ውስጥ መኪናውን አቁሞ ምሳውን እየበላ ነበር። ቢታንያ የተራሮቹን ስም አንድ በአንድ አነበበችለት። አንዱን ጭራሽ አያውቀውም። የሌላኛው መንገድ በረዶ ሲጥል እንደሚዘጋ ሰምቷል። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ግን ሳቀ፤ ከተራራው ሥር ካለችው ከተማ ማደያ ውስጥ ውባለም የምትባል ሀበሻ ትሠራለች፤ ባለፈው ሲያልፍ ሽሮ አብልታዋለች።

ቢታንያ አፏን ሳትከፍት ቁጥሩ ተገኝቶ ተደወለ። ውባለም መጀመሪያ ልጅቷ የማን ቤት ልጅ እንደሆነች ጠየቀች፤ ከዚያ ዘመዳሞች ሆነው አረፉት። ስልኩ ሲዘጋ ልጆቹ በሙሉ ውባለም ቤት እንዲያድሩ ተወስኖ ነበር።

ቢታንያ ፊቷን በሶፋው ትራስ ሸፈነች። ሆቴል እንደያዙ፣ ጓደኞቿም ፈረንጆች እንደሆኑ ከትራሱ ሥር ተናገረች።

«ሆቴል ስትታመሚ አጥሚት ያፈላልሻል? ፈረንጆቹም ይጠጡ።»

ያም ሆኖ አልበቃቸውም። አንድ ውባለም፣ ያውም ከተራራው ሥር። ልጅቷ ተራራው ላይ ሳለች ብትወድቅስ?

«ትልቁ ይሻል ነበር» አሉ እንደገና።

ቢታንያ ትራሱን አወረደች። መሳቋን ትታለች።

«ትልቁን እኮ ጓደኞቼ መርጠውት ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እዚያ ወደ ላይ የሚያወጣውን ወንበር ለመያዝ የሚጠብቀው ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ነው። ኮቪዱን ይዤብሽ ብመጣስ?»

እትዬ ማዘንጊያ ላፕቶፑን ከደኑት። አምና በሽታው የያዛቸው ጊዜ ይቺ ልጅ መኝታ ቤታቸው በር ሥር ፍራሽ አንጥፋ፣ ትምህርቷን በስልክ እየተማረች ከረመች። ሳሉ ጋብ ሲልላቸው፣ «እማማ፣ አለሽ?» እያለች በሩን ታንኳኳ ነበር። ድምፅ ሲያጥራቸው እሳቸው ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉላት ነበር። እሳቸው ለእሷ ሰው ያለበት ተራራ ሲፈልጉ፣ እሷ ስለእሳቸው ሰው የሌለበትን ስትፈልግ ነበር ለካ።

ምላሳቸው ላይ የዋለውን ቃል ዋጡት።

«እስቲ ያንን የበረዶ ልብስሽን ልበሺው» አሉ።

ለብሳ መጣች። አዲስ ነው፤ ጃኬቱም ሱሪውም ነጭ።

«በረዶ ላይ ነጭ? ወድቀሽ በማን ዓይን ልትታዪ ነው?»

መልስ አልጠበቁም። ከቁም ሣጥናቸው ቀይ የሱፍ ሻርፓቸውን አወጡና፣ ሕፃን ሳለች እንደሚያደርጉት አንገቷ ላይ ጠምጥመው ቋጠሩላት። ከዚያ የጓሮውን በር ከፈቱ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ሜዳ ሌሊቱን በጣለው በረዶ ተሸፍኗል።

«እስከ ዛፎቹ ሂጂና ቁሚ።»

«እማማ፣ ሲሪየስሊ?»

«ሂጂ አልኩሽ።»

በመስኮቱ ተመለከቱ። ልጅቷ እየራቀች ስትሄድ ልብሷ ከሜዳው ጋር እየተመሳሰለ ጠፋ፤ እግሯ ጠፋ፣ ትከሻዋ ጠፋ። ቀዩ ብቻ ቀረ። ዛፎቹ ሥር ስትደርስ ቆመችና እጇን አወዛወዘች።

ታየቻቸው።

እትዬ ማዘንጊያ ሊመርቁ ከንፈራቸውን አላቀቁ። የሚያውቁት ምርቃት ሁሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ለሚንሸራተት የሚሆን ከእናታቸውም አልሰሙም። ፈልገው ፈልገው፣ «እንግዲህ አንሸራትቶ በሰላም ይመልስሽ» አሉ።

ትንፋሻቸው መስተዋቱን ጋረደው። ቶሎ በእጅጌያቸው ጠረጉትና፣ ቀይዋ ነጥብ ዞራ፣ እያደገች እያደገች ወደ ቤት ስትመጣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ።