ሁለት ሰው የቀረው ሚኒባስ

ጎረቤታችን ወለተ ማርያም እህቷ ቡሬ ላይ ሞተችባት። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው ተባለ። ከመቱ ቡሬ ምን አላት፤ በጠዋት የተነሳ ሰው ደርሶ፣ አልቅሶ፣ ቀብሮ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ህሊና፣ "እማዬ፣ መናኸሪያ ገብተሽ እንዳትጋፊ" ብላ በዚያ የሚያልፈውን የጋምቤላ አውቶቡስ ትኬት በስልክ ቆረጠችላት። መልእክቱ መጣ፤ የወንበሩ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል። ወለተ ማርያም አስፋልት ዳር ቆማ ጠበቀች። አውቶቡሱ መጣና ጭሱን አልብሷት ሳያቆም አለፈ። ህሊና ለአውቶቡሱ ድርጅት ደውላ ብትቆጣ፣ ስልኩን ያነሳው ሰው "ሲስተሙ ተሳፍረዋል ይላል" አላት።

ረፋድ ላይ መናኸሪያ ገባች። ረዳቱ "ቡሬ፣ ሁለት ሰው፣ ቡሬ የሞላ" እያለ ይጣራል። እውነትም ሚኒባሱ ጢም ብሏል። በሩ ጋ ትንሽ ፌስታል የያዘች ሴት ጠጋ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ዘውደነሽ ትባላለች።

"ታኢ ሜ፣ ተቀመጪ እህቴ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

ወለተ ማርያም ነገረቻት። ዘውደነሽ ደረቷን ደቃች። የእሷም ልጅ ቡሬ ላይ ምጥ ይዟታል።

"አንቺ ለሞት፣ እኔ ለልደት። ይሄ ቆርቆሮ ግን ለማናችንም ንቅንቅ አይልም።"

ሁለት ሰው ገባ። ይሄኔ ከኋላ ከተቀመጡት ሁለቱ ውሃ ልንገዛ ብለው ወረዱ፤ በዚያው ቀሩ። ረዳቱ "ሁለት ሰው" ማለቱን ቀጠለ።

"ደላሎቹ ናቸው" አለች ዘውደነሽ። "መኪናው የሞላ እንዲመስል ተሳፋሪ መስሎ የሚቀመጥ ሰው ያስገባሉ። የለመዱት እንጀራቸው ነው።" ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ፊት ወንበር ጠቆመች። "ያንን ልጅ ልብ በይው።"

ፀጉሩን ያንጨበረረ፣ ማስቲካ የሚያኝክ፣ ዓይኑን ከስልኩ የማይነቅል ጎረምሳ ነው። ሻንጣ የለውም። አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይገባል። ከተራ አስከባሪው ጋር ይሳሳቃል። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ፤ ወለተ ማርያም አፈጠጠችበት።

ረዳቱ ሂሳብ ሊሰበስብ ገባ። ዘውደነሽ "እኔ ቅድም ሰጥቻለሁ፣ ስንቴ ልክፈልህ?" ብላ ብትቆጣው ስቆ አለፋት። ከመኪናው ሰው ሁሉ የሷን ያህል የጮኸ አልነበረም።

"ሾፌሩን ጥራው እንጂ። ሴትዮዋ ሰው ልትቀብር ነው እኮ፤ ወይስ አንተን እንቅበርህ?"

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጎረምሳው ወደ ወለተ ማርያም መጣ።

"እትዬ፣ ውጪ ቡሬ የሚሄድ አይሱዙ አለ። ጋቢናው ሁለት ሰው ይይዛል። ለቀብር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ይምጡ አብረን እንሂድ። ደቅሲሳ እባላለሁ፣ የቡሬ ልጅ ነኝ።"

ወለተ ማርያም ብድግ ብላ ነበር። ዘውደነሽ ነጠላዋን ያዘቻት።

"አስወርዶሽ ቦታሽን ሊሸጠው ነው። ደግሞስ በዚህ እድሜሽ ጭነት መኪና ላይ ልትንጠላጠዪ? ሁለት ሰው ነው የቀረው።"

"እትዬ፣ በዚህ መኪና ለቀብር አይደርሱም" አለ ደቅሲሳ።

"አንተ እያለህበት የት ይደርሳል" አለችና ወለተ ማርያም ተመልሳ ተቀመጠች።

ብቻውን ሄደ። ጥቂት ቆይቶ አይሱዙው ሲያልፍ ጋቢናው ውስጥ ታየ።

"ለማስመሰል ነው" አለች ዘውደነሽ። "ኬላው ጋ ይወርዳል።"

ስምንት ሰዓት አለፈ። የወለተ ማርያም ስልክ ጮኸ፤ የእህቷ ልጅ ዮፍታሄ ነው። ዝናቡ መጣብን፣ ቄሶቹም ቸኮሉ፣ ብንጠብቅሽ ብንጠብቅሽ ቀረሽብን፣ አፈር አለበስናት አላት።

ወለተ ማርያም እዚያው መናኸሪያ ውስጥ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ዘውደነሽ አቅፋት አብራት አነባች።

ከዚያ በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ ገቡ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰውዬ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ረዳቱ በሩን ገፋ አድርጎ ዘውደነሽን ትከሻዋን ነካት።

"ዘውዴ፣ ውረጂለት። የጎሬው ሚኒባስ ገና ባዶ ነው፣ እዚያ ሂጂና ተቀመጪ።"