ከሴራሚኩ ጀርባ የተጻፈው

"ደግሞ ምስር?!"

እማማ ጠመኔ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት... አስቀመጡት እንኳ አይባልም፣ ወረወሩት!

"ይብሉ እማዬ፣ ሳይቀዘቅዝ" አለች ምራታቸው።

"ትናንት ድንች... ከትናንት ወዲያ ጎመን... ዛሬ ምስር! ልጄ ሹፌር ነው እንጂ እስረኛ ነው እንዴ?"

ልጃቸው አቀርቅሮ ሾርባውን ይጠጣል። በእናትና በሚስት መሀል የተቀመጠ ወንድ ምን ይበል? ሾርባውን ይጨርስ እንጂ!

እማማ ጠመኔ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተው ይህን ልጅ ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዛሬም ድረስ ጨርቅ የሚያሰምሩባት ጠመኔ ከሽርጣቸው ኪስ አትጠፋም።

ምራቲቱ ደግሞ ጉድ ናት። የደረቀ ዳቦ አትጥልም፣ ጠብሳ ሾርባ ላይ ትበትነዋለች። ባሏን ምሳ ቋጥራ ትልከዋለች። ምግብ ቤት የሚባለውን ነገር ይህ ቤተሰብ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው!

"ቋጣሪ!" ይሏታል እማማ ለጎረቤት። "በቁሜ ልታደርቀኝ ነው!"

አንድ ነገር ግን ለጎረቤትም አይናገሩም...

ከምሳ በኋላ ውሃ አይጠጡም።

መጸዳጃው ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ ዘጠኝ ደረጃ ወርደው። ጉልበታቸው ደግሞ ከከዳቸው ቆይቷል። ደግፉኝ ማለት ለእሳቸው ሞት ነው። ስለዚህ ምራታቸው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስታስቀምጥላቸው "አልጠማኝም" ይላሉ። ብርጭቆው እንደሞላ ይመለሳል። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና ጉልበታቸው ብቻ ናቸው... ይመስላቸው ነበር።

በማግስቱ ምሳም ያው ምስር ሲቀርብ ግን ነገሩ አንገታቸው ላይ ደረሰ።

"እህቴ ጋ እሄዳለሁ! ማታ ልጄ ከሥራ ሲመለስ ያደርሰኛል!" ብለው ተነሱ።

ምራታቸው ገበያ ወጥታለች። ሻንጣው ያለው እነ ልጃቸው አልጋ ሥር ነው። እማማ እንደምንም ጎንበስ ብለው ሳቡት...

ከኋላው አንድ ክምር አብሮ ታየ።

ሴራሚክ!

አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አበባ ያለበት። እርስ በርሱ የማይገጥም፣ ሱቆች ከካርቶን ሲተርፋቸው አንድ ሁለት እያሉ በርካሽ የሚሸጡት ዓይነት።

"አሃ!" አሉ እማማ። "ለወጥ ቤቷ ወለል ነው ለካ እኔ ምስር የምበላው! ቆይ፣ ልጄ ሲመጣ አሳየዋለሁ!"

ማስረጃ ይሆናቸው ዘንድ አንዱን አነሡ። ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል። መነጽራቸውን አደረጉ።

"የጋብቻችን ቀን። ውጭ ልንበላ ነበር፣ ቀረ። ቤት ድንች ሠራሁ። በተረፈው ብር ይህን ገዛሁ።"

ሌላውን ገለበጡ።

"ልደቴ። ኬክ ቀረ። ሩዝ በካሮት በላን። ደስ ብሎን ነበር።"

ሌላ... "ባሌን ጓደኞቹ ምሳ አዋጥተን እንብላ ብለውት አልሄደም። ምስር ቋጠርኩለት። ምስኪን፣ ፊቱን እንኳ አልቋጠረብኝም።"

የእማማ እጅ እየዘገየ መጣ። እሳቸውም እኮ አንድ ጊዜ ከደንበኞች በተረፈ ቁርጥራጭ ለዚህ ልጅ የትምህርት ቤት ኮት ሰፍተውለታል። አንዱ እጅጌ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር ነበር። ያንን ያስታወሱት አሁን ነው።

አርባ ሦስት ቆጠሩ። ከሥር ያለችው፣ የመጀመሪያዋ፣ ቀረች።

ገለበጧት...

"እማዬ ዛሬም ውሃውን አልጠጡም። ጠምቷቸዋል። ደረጃውን ፈርተው ነው። ክፍላቸው ውስጥ መታጠቢያና መጸዳጃ እሠራላቸዋለሁ። አንድ ብዬ ጀመርኩ።"

እማማ ጠመኔ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ያቺ ቋጣሪ ያሏት ልጅ... በየቀኑ የሞላውን ብርጭቆ ስታነሣ እያነበበችው ነበር! አንዲት ቃል ሳትተነፍስ!

በሩ ተከፈተ። ምራቲቱ ዘንቢሏን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሻንጣውን አየች፣ ክምሩን አየች።

"እማዬ... የት ሊሄዱ ነው?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎት ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ ብለው ያስቆሙኛል።"

"ልጄስ ያውቃል?"

"ኧረ እሱማ ምስጢር መቼ ይችላል! በነጋታው ይነግርዎት ነበር። ወጥ ቤት ላሠራ ነው ነው ያልኩት።"

እማማ እያለቀሱ ሳቁ። "ስንት ቀረሽ?"

"ቧንቧውንና ሲሚንቶውን ገዝቼ እናቴ ቤት አስቀምጫለሁ። ሴራሚኩ ብቻ ነው፣ አሥራ አንድ ይቀረኛል።"

እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ሻንጣውን በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር መለሱት።

"በይ ዘንቢሉን አምጪ... ምስር አለሽ?"

"አለ..."

"ዛሬ እኔ ነኝ የምሠራው። አንቺ ቅመሙን አትችይበትም!"

በሳምንቱ አርባ አምስተኛዋ ሴራሚክ ቤት ገባች። ጀርባዋ ላይ የተጻፈው ግን በእርሳስ አይደለም፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው፦

"ምስሩን እኔ ሠራሁት። ልጄ ሁለቴ ጨመረች።"

ልጄ ያሉት ምራታቸውን ነው።

ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር በተመለሰበት ዕለት ደግሞ፣ ምስሩ ምድጃ ላይ እንደተጣደ፣ እማማ ጠመኔ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ውሃ ስጪኝ እስቲ።"

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡት። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉላት... ዘጠኙን ደረጃ ተደጋግፈው ወረዱ።

ቤታችን ውስጥ ዝም ብሎ የሚቆጥብ ሰው ካለ፣ ቋጣሪ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ለማን እንደሚቆጥብ እንጠይቅ። ስንቱ ፍቅር ነው የሚነገርበት አፍ አጥቶ በድንችና በምስር የሚገለጸው!

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... እናንተ ሳታዩት ስለ እናንተ ሲል ከራሱ የቀነሰ ሰው ማን ነው? አሁን ታውቁት ይሆን?