ያልተዘጋው ጠርዝ

ሯጯ ከውድድር የተመለሰችው ፋብሪካው በተደረመሰ በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ የሰማችው እሷ ናት። አሰልጣኟ ከትልቅ ውድድር በፊት የሯጮቹን ስልክ ሰብስቦ የመያዝ ልማድ አለው፤ እናቷም ደውላ፣ ሩጫውን ሳትጨርስ እንዳይነግራት ለምናዋለች። ሁለተኛ ወጣች። ሜዳሊያዋን ይዛ ከአውሮፕላን ስትወርድ ታናሽ እህቷ እንዳልተገኘች ነገሯት።

እህቷ በዚያ ባለ አራት ፎቅ የልብስ ፋብሪካ ኪስ ትሰፋ ነበር። ከፍርስራሹ ከወጡት አስከሬኖች ማንነታቸው ያልተለየውን ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ ላይ ቀበራቸው። በላያቸው የተገኘውን ሰዓት፣ ማበጠሪያ፣ ቀለበት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግቶ ደረደረው። ቤተሰብ መጥቶ ከዚያ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ዕቃ ካገኘ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እናቷ በአራተኛው ቀን ብቻዋን ሄዳ ነበር። የሷ የሆነ ነገር አላየሁም ብላ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፈችም።

ሯጯ ግን ሦስት ጊዜ ሄዳ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። የምትፈልገው የቤት ቁልፍ ነበር። ቤቱ ያለው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው። አንዱን ሯጯ ከጫማ ማሰሪያዋ ጋር አስራ ነው የምትሮጠው። ሁለተኛውን እህቷ፣ ሯጯ መጀመሪያ ካሸነፈችበት አረንጓዴ ማሊያ በተቀደደ ቁራጭ አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ስትተኛም አታወልቀውም። ጠረጴዛው ላይ ቁልፉ አልነበረም። ቁልፉ ከሌለ እህቷም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የለችም። ምናልባት ጭንቅላቷን ተመትታ፣ ስሟን ረስታ፣ የሆነ ቦታ ተቀምጣ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል።

የፋብሪካውን ሰዎች መታሰቢያ መጋረጃ የጀመረችው ራሷ ሯጯ ናት። አሮጌ ማሊያዎቿንና ከውድድር የተረፉ ባነሮችን በጆንያ ተሸክማ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ አመጣች። ሴቶቹ ቀጣጥለው የግድግዳ ስፋት ያለው ጨርቅ አወጡበትና በገመድ ሰቀሉት። በላዩ ላይ እያንዳንዱ ቤት ካጣው ሰው አሮጌ ልብስ አንድ ቁራጭ ሰፋ። ሥራውን የሚመሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ መርፌ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ለሥራቸው ሳይሆን ለምላሳቸው ነው። ደንባቸው አጭር ነበር። የሞተ ሰው ቁራጭ አራቱም ጠርዙ ይሰፋል። ያልተገኘ ሰው ቁራጭ የታችኛው ጠርዝ ክፍት ይተዋል።

ክፍት የተተወው ስድስት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ አምስቱ ቤተሰቦች ተራ በተራ መጡ፤ ቀና ብለው ሰው ሳያዩ ሰፍተው ሄዱ። የቀረው የሯጯ ብቻ ነው፣ ከእህቷ ሰማያዊ ቀሚስ የተቆረጠው።

እናቷ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም። ጣቶቿን ቁርጥማት ስለያዛት ካልሲ ስትጠቅም እንኳ ያማታል። ሯጯ ከልምምድ ስትገባ እናቷ ከገበያ ተመልሳ፣ ራት ጥዳ ታገኛታለች። ስለ እህቷ ካነሳች ወሬውን ታስቀይሳለች። "መጀመሪያ ሩጫሽን ጨርሺ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ትላለች። የሚቀጥለው ውድድር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያም ሌላ ውድድር አለ።

አንድ ሰኞ ሯጯ የእህቷን ቁራጭ ተዘግቶ አገኘችው። ተረተረችው። ረቡዕ ደግሞ ተዘግቷል። ተረተረችው። አርብም እንዲሁ። በሆዷ የጠረጠረችው እትዬ መርፌን ነው። መጋረጃው የሚመረቅበት ቀን ደርሷል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሴትዮዋም ጧት ማታ ስለዚያ ክፍት ጠርዝ ማጉረምረም ሥራቸው ሆኗል። በአራተኛው ጊዜ አላስቻላትም።

"እትዬ፣ እህቴን ከነሕይወቷ አይቅበሩብኝ" አለቻቸው።

እትዬ መርፌ መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን አዩት፣ በጣታቸውም ዳሰሱት።

"ይሄ የኔ እጅ ነው? እንዲህ እየዘለለ? እኔ የምዘጋው ቢሆን፣ ልጄ፣ ፊት ለፊትሽ ነበር የምዘጋው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይብቃሽ ግን። ራስሽን ጨረስሽው" አሏት።

ሯጯ አላመነቻቸውም። ሆን ብለው አበላሽተው ሰፍተውት ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ጠርዙን እንደገና ተረተረችው። በማግስቱ ሴቶቹ ለምሳ ሲበተኑ ልምምድ ልሄድ ነው ብላ ወጣችና በጓሮ በር ተመለሰች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እውነቱን ለመናገር ተስፋ አድክሟታል፤ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ እንዲህ አድክሟት አያውቅም።

ብዙ አልጠበቀችም። ዘገም ያለ ኮቴ ተሰማ። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ የመርፌ ጫፍ በደረቷ ትይዩ ጨርቁን ወግቶ ብቅ አለ፣ ተመለሰ፣ ራቅ ብሎ እንደገና ብቅ አለ። ለእትዬ መርፌ ያዘጋጀችውን ቃል አፏ ላይ አድርጋ ዞራ ወጣች።

እናቷ ነበረች። ልጇን ስታይ አልደነገጠችም፤ መርፌዋንም አላቆመችም።

"እማዬ" አለች ሯጯ። "አንቺም ተስፋ ቆረጥሽ? ቁልፉ እኮ እዚያ የለም። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፣ የለም።"

እናቷ ክሩን በጥርሷ ለመበጠስ ጎንበስ ስትል፣ በአረንጓዴ ቁራጭ የታሰረ የቤት ቁልፍ ከቀሚሷ አንገት ሾልኮ ወጥቶ ተንጠለጠለ።