የጉብኝት ቀን ታካሚ

የጤና ጣቢያው ኃላፊ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ስትመደብለት ደስታውን አልቻለውም። ክፍል ሰጣት፤ በሩ ላይም ከአስፋልቱ ማዶ የሚነበብ ቀይ ጽሑፍ አስለጠፈ፦ «የአእምሮ ሕሙማን መግቢያ»። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ዝር አለማለቱ ገረመው። «የኛ ከተማ ሕዝብ ጤነኛ ነው ማለት ነው» ብሎ ተጽናና።

ጭንቅ የመጣው ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች ሲመጡ ነው። ባዶ ክፍል ለእንግዳ አይታይም። ዘበኛውን «ገብተህ እንቅልፍ አጣሁ በል» ቢለው፣ «ጌታዬ፣ ለመዳር የደረሰች ልጅ አለችኝ፤ ማን ይወስድልኛል?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሌሎቹም ሠራተኞች እንደዚያው።

«ኋላ ቀር ሁላ!» አለና ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ራሱ ገባ። እንግዶቹ መልኩን አያውቁትም፤ የሚያስጎበኛቸው ምክትሉ ነው።

«በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺው» አላት ባለሙያዋን፣ ሲስተር ወይንሸትን። «ሥራችን ይታይ።»

እንግዶቹ ብቅ ሲሉ «እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አይዞርም!» ብሎ ጮኸ። እንግዶቹ ከንፈር መጠጡ፤ የታካሚን ገመና መጠበቅ ግዴታ ነው እያሉም ፎቶ አነሱት። ከዚያ ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ሲስተር ወይንሸት ግን እንደ ሙያዋ ጠየቀችው፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ» አለ። አሁን አልጮኸም።

ወደ ኮሪደሩ አየት አደረገች። «እንግዶቹ እኮ ሄደዋል። መነሳት ይችላሉ።»

አልተነሳም።

«በሩን ዝጊው» አላት።